የመሥራቹ ጊታር ርክክብ

«ነጎድጓድ ባንድ የተመሠረተው ቡሬ ነው! በዚህ አንደራደርም!» አሉ የቡሬው ተወካይ አቶ ወንዳወቅ፣ ጠረጴዛውን እየደበደቡ።

«ፍኖተ ሰላም ነው እንጂ! ቡሬ ያኔ መች ጊታር አይቶ ያውቃል?» አሉ የፍኖተ ሰላሟ ተወላጅ፣ የክብር ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ትሕትና።

በአዳራሹ ከፊት ወንበር የተቀመጡት የዕለቱ የክብር እንግዳ፣ የባንዱ መሥራችና ጊታር ተጫዋች ጋሽ ስመኘው እጃቸውን አወጡ። «እኔ እንኳ የማስታውሰው... ጅጋ ነበር፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ባለጉዳይ ነዎት። በራስዎ ጉዳይ መመስከር አይችሉም» አሉ ሰብሳቢዋ።

ኮሚቴውም በታላቅ አስተዋይነት፣ ባንዱ በሁለቱም ከተሞች በአንድ ቀን እንዲመሠረት በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ጋሽ ስመኘው አልተከፉም። ጣቶቻቸው መንቀጥቀጥ ጀምረዋል፤ ሐኪሙም እየባሰ እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። እጃቸው ጨርሶ ሳይከዳቸው በዚህ አዳራሽ አንድ ዜማ ለመጫወት ነው የመጡት፤ ኮሚቴውም ቃል ገብቶላቸዋል። ጊታሩን በር ላይ ተቀብለዋቸው፣ መድረኩ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው አስቀምጠውታል።

መጀመሪያ ግን ጥናት ቀረበ። በመሥራቹ ተጽዕኖ በአካባቢው ያሉ የሮክ ጊታር ተጫዋቾች ቁጥር ከአንድ ወደ አንድ ማደጉ ተገለጸ። መሪጌታ ቴዎፍሎስም ተነሥተው፣ «በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ጊታር ስድስት። እንግዲህ ጊታር ማለት ትምህርቱን ያቋረጠ በገና ነው» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ስመኘውም ካባ ተደረበላቸው።

ጭብጨባው ሲበርድ ወደ ጊታሩ እጃቸውን ዘረጉ።

«አይነካም፣ ጋሼ» አለ ጥበቃው ዘሩ።

«የኔ እኮ ነው!»

«ነበር። በር ላይ ካስረከቡን ጀምሮ ቅርስ ነው።»

ወደ ሰብሳቢዋ ዞሩ። «አንድ ዜማ ብቻ፣ እመቤቴ። ቃል ገብታችሁልኛል።»

«ቃላችንማ ቃል ነው። ግን ሲጫወቱ ክሩ ቢበጠስ ለትውልድ ምን እንመልሳለን?»

«እቀይረዋለኋ!»

«ሰማችሁ? ቅርስ ሊቀይሩ!» አሉ አቶ ወንዳወቅ። ቡሬና ፍኖተ ሰላም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

ወይዘሮ ትሕትና ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «አሁን ለመሥራቹ ክብር የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እናደርሳለን።»

«በሕይወት አሉ እኮ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«እንግዲያው እሳቸውም ይነሡ።»

ሁሉም ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ስመኘውም ተነሡ። ከዚያ ካባውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አኖሩትና፣ በተደፉት ራሶች መካከል አልፈው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ውጭ የጅጋ ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ቆሟል፤ ተሳፈሩ።

ጸሎቱ እጅግ ያማረ ስለነበር፣ በአንድ ደቂቃ እንዲራዘም ተደረገ።