የካርቶን ጉድጓድ

ጢም ያወጣው የእህቴ ልጅ የሚጫወተውን የኮምፒውተር ጨዋታ አይታችሁልኛል? ባለመዶሻ አምላክ፣ ባለአንድ ዓይን ግዙፍ፣ ዘንዶ... ሁሉም አንድ ሰፈር ይኖራሉ። «ምናባዊ ዓለም ነው» ይለኛል። የምን ምናብ! አንዱን ከግሪክ፣ አንዱን ከሰሜን አውሮፓ ተረት ለቃቅመው ሲያበቁ «ፈጠርን» ይላሉ። እኔ ይህንኑ ሥራ በደርግ ጊዜ ነገሌ ቦረና ላይ ሞክሬ ጉድ የሆንኩ ሰው ነኝ።

የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ሕልሜ አንድ ብቻ፣ አዲስ አበባ መዛወር። ከጦር ሰፈሩ አንድ ሻምበል ውጭ ሀገር ሰልጥኖ ሲመለስ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ጨዋታ ይዞ መጣ። ሥርጭት የማይደርሰው የመኮንኖች ክበብ ቴሌቪዥን ሥራ አገኘ። ባለሰይፍ ሰውዬ ዋሻ ገብቶ ዘንዶ ይገድላል፤ በቃ። ሻምበሉ ግን ራሱ የገደለ ይመስል ደረቱን ነፋ። «የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ በራሳችን ታሪክ እንዲህ ያለ ሥራልኝና አዲስ አበባ አዛውርሃለሁ» አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ቴሌቪዥን ውስጥ መግባት ስለማልችል ካርቶን ላይ ሣልኩ። የቦረናን ጥልቅ ጉድጓዶች ታውቋቸዋላችሁ፤ ሰው በሰው ላይ ቆሞ፣ እየዘፈነ ውሃ የሚቀባበልባቸው። ከሥሩ ዘንዶ አስተኛሁበት። (ዘንዶውን ከሻምበሉ ነው የተዋስኩት።) ዳይስ ጥሎ፣ መጫወቻ ቆርኪውን ገፍቶ ጉድጓዱ አፍ ቀድሞ የደረሰ ይወርዳል፤ ዘንዶውን ገድሎ ይጠጣል።

ምረቃው በገበያ ቀን ሻይ ቤት ሆነ። ሻምበሉ «ባለታሪኩም ይጫወት» ብሎ ከጎናችን ሻይ የሚጠጡትን የቦረና ሽማግሌ፣ ኦቦ ጉዮን ጠራቸው። ዳይሱ ቀናቸው፤ ቀድመው ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሱ። ቆሙ።

«አባ ሄሬጋው ማነው?» አሉኝ። የውሃ ተራ የሚያስከብረውን ሰው ማለታቸው ነው። የለም አልኳቸው።

«ታዲያ ማን ይገባል?»

ቀድሞ የደረሰ ስላቸው አሳዳጊ እንዳጣ ልጅ አዘኑልኝ።

«ኦቦ ጉዮ፣ ይጫወቱ እንጂ! ውሃውኮ ካርቶን ነው!» አለ ሻምበሉ። የራሱን ቆርኪ አሳልፎ ወረደ፤ ዘንዶውን ገደለ፤ አጨበጨበ። ብቻውን።

«ካርቶንም ቢሆን ኤላ ኤላ ነው» አሉ ኦቦ ጉዮ፣ ጉድጓዱን በቋንቋቸው ጠርተው። የሚያውቋቸውን ሽማግሌዎች ሰበሰቡ። መከሩ፤ ፈረዱ። ያለተራው የገባ አንድ በሬ ይክፈል! ገበያው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ሻምበሉ ቢስቅ አብሮት የሚስቅ ጠፋ። ሽጉጡን ቢዳስስ ኦቦ ጉዮ ረጋ ብለው፣ «ናጋ ነው ሻምበል፣ ናጋ፤ ሰላም ነው። በሬው መቼ ይመጣል?» አሉት።

በሬው መጣ። ያን ጊዜ አዲስ አበባዬ ከዘንዶው ጋር እንደሞተች ገባኝ። ሻምበሉ ግን ቃሉን አላጠፈም፤ በሳምንቱ አዛወረኝ። ከአዲስ አበባ ይብስ ወደሚርቀው፣ ወደ ተልተሌ!

ስለዚህ የዘንድሮ ጨዋታ ሠሪዎችን መስደብ ትቻለሁ። ብልጦች ናቸው። ዝረፉ፣ የግሪክን ዝረፉ፣ ባለመዶሻውንም ጨምሩ። ባለቤቱ ከጎናችሁ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣበትን ታሪክ ግን እንዳትነኩ፤ በሬ ያስከፍላል።