የጋሽ ሱሌይማን ክትባት

በየሰፈሩ ሳይመረቅ ሐኪም የሆነ ሰው አንድ አይጠፋም። የሐዋሳ ፒያሳው የተከበሩ ጋሽ ሱሌይማን ናቸው። እንጀራቸው ጫማ መሸጥ ነው፤ ሙያቸው ግን፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ የቆዳ ካንሰር።

ነገሩ የጀመረው ስልካቸው ላይ ስለ ናኖ ክትባት ካነበቡ ወዲህ ነው። ከፀጉር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ የምታንስ ቅንጣት የካንሰሩን ምልክት ተሸክማ ወደ ሰውነት ወታደሮች ትሄዳለች። "ለዘበኛው የሌባውን ፎቶ ማሳየት በለው" ይላሉ። ሸራ ጫማ ሊገዛ የገባ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይወጣም። ይባስ ብሎ ካንሰሩ እኛን ጥቁሮችን ውስጥ እግር ላይ መያዝ እንደሚወድ አነበቡ። ከዚያ ወዲህ ጫማ የሚለካ ሁሉ መጀመሪያ ውስጥ እግሩን ያስመረምራል። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ጭቃ ይሁን በሽታ እስኪለይ ድረስ፣ ካልሲውን አውልቆ በአንድ እግሩ ቆሟል።

ጎረቤታቸው ሕዝቅያስ፣ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ እዚያ ሱቅ ድርሽ አይልም። ተረከዙ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች፤ ከፋሲካ ወዲህ ሰፍታለች። ለሚስቱም አልነገረም። ጫማው ተቀዷል። ከእሳቸው ቢገዛ እግሩን ሊያዩበት ነው፤ ከሌላ ቢገዛ ጉርብትናው ሊፈርስ ነው። በተቀደደው መሄድ መረጠ።

ጳጉሜን ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ የጫማው ሶል ተገንጥሎ እሳቸው ደጃፍ ላይ ቀረ። ጋሽ ሱሌይማን ጎትተው አስቀመጡት፤ ካልሲውንም ራሳቸው ሳቡት። ሊቀልዱ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ነጥቧን ሲያዩ ቀልዱን ትተው ተረከዙን ወደ ብርሃን አዞሩ። ፒያሳ ቀልድ ጀምረው ሲተዉ አይቷቸው አያውቅም።

"ጋሼ፣ ያ ክትባት..." አለ ሕዝቅያስ።

"እዚህ የለም። ውጭ አገርም ገና እየሞከሩት ነው። ሐኪም ግን አለ፤ ተነስ።"

የዓመት በዓል ገበያ በደራበት ሰዓት ሱቃቸውን ዘጉ። ሆስፒታል እንደገቡ ለሐኪሟ ስለ ናኖ ያስረዱ ጀመር። እሷም እየሰማች ተረከዙን ታይ ነበር። በሌላ ቀን ነጥቧን ከነዙሪያዋ ቆርጣ አወጣችና ለምርመራ ላከች።

ውጤቱ በሚነገርበት ዕለት ሕዝቅያስ ከሐኪሟ ክፍል ሲወጣ፣ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ለያዙት ስለ ዘበኛውና ስለ ሌባው ያስተምሩ ነበር። ሲያዩት አቋረጡ።

"ካንሰር ነበር" አለ። "ሥር ሳይሰድ ወጥቷል። ከእንግዲህ ክትትል ብቻ ነው።"

መነጽራቸውን አውልቀው ደጋግመው ጠረጉ።

"በቢላ ብቻ?"

"በቢላ ብቻ።"

"ኋላ ቀር ነን" አሉ፣ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ።

ሕዝቅያስ ክንዳቸውን ተደግፎ እያነከሰ ወጣ፤ ባጃጅ ያዙ። ጥቂት እንደሄዱ "እስቲ ጋሼ፣ ያቺ ቅንጣት ምን ታደርጋለች ነበር ያሉኝ?" ሲል ጠየቀ።

ፒያሳ ሲደርሱ ጋሽ ሱሌይማን ገና የማብራሪያቸው መግቢያ ላይ ነበሩ። ሕዝቅያስ ባለባጃጁን በሐይቁ በኩል እንዲዞር ነገረው።