የእኔ አማካይ መንገደኛ በርኖስ የለውም

ጎበዝ፣ ዛሬ ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ እኔና ሂሳቤ ከመኪና ወረድን። ወደን ግን አይደለም!

እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። እስቲ ፍረዱኝ።

እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር የመናኸሪያው ሰዎች «መምህር፣ ይቺ መኪና አስራ ሁለት ሰው ይዛ ቁልቁለቱን ብትወርድ አደጋ አለው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ደስ አለኝ! ሂሳብ ቸግሮት ደጄ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅማ።

ሚዛን ይዤ መናኸሪያ ቆምኩ። ሠላሳ ስድስት መንገደኛ መዘንኩ። አማካይ ክብደት፣ ሃምሳ አራት ኪሎ። መኪናዋ የምትችለው ደግሞ ለአንድ ሰው ስልሳ አምስት።

ክብደቱ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየውን ኖርማል ከርቬን ሳልኩ። አንድ ወፍራም ሰው ሊገጥም ይችላል፤ የአስራ ሁለቱም አማካይ ስልሳ አምስትን የሚያልፍበት ዕድል ግን የለም ማለት ይቻላል። «አያሰጋም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ! ሹፌሩም ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጠፈው።

ዛሬ የገበያ ቀን ነው። ራሴም ተሳፈርኩ። በሂሳቤ እተማመናለኋ!

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑ መሽተት ጀመረ።

ሦስተኛው ላይ ጭስ!

ሹፌሩ እንደምንም ከተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆማት። ሁላችንም ወረድን። ቆጠርን፤ ልክ አስራ ሁለት ነን።

አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴዋ እማማ ጦይባ የባቄላ ጆንያቸውን እያወረዱ «ልጄ፣ ያኔ ስትመዝነኝ ይሄ የት ነበር?» አሉኝ።

የት ነበር? መሬት ላይ!

እዚህ አገር ሰው ሚዛን ላይ የሚወጣው ጤና ጣቢያ እንደለመደው ነው። ጫማ ይወልቃል፣ በርኖስ ይወልቃል፣ ጆንያ መሬት ወርዶ አጠገብ ለቆመ ሰው አደራ ይሰጣል። ሠላሳ ስድስቱም እንደዚያ ነው የወጡት። እኔ ደግሞ ስለ ሥርዓታቸው አመስግኛቸዋለሁ!

ግን ሂሳቡ እኮ ልክ ነው! ሦስቴ አየሁት። ልክ የሆነ ሂሳብ እንዴት ገደል ሊከተን ይችላል?

ወረቀቱን ልቅደድ ስል ሹፌሩ እጄን ያዘ። «ኧረ ተው መምህር! እሱን ሲያይ ትራፊኩ ዝም ይለኛል። አንዳንዴ አስራ አምስትም ጭኜበታለሁ።»

በእኔ ፊርማ! አፈርኩ፣ ፈራሁም።

እማማ ጦይባ «ቅደደው! ወላሂ፣ በሚቀጥለውም ገበያ የምሳፈረው እኔ ነኝ» አሉ።

ቀደድኩት። የቀረውን መንገድ በእግር ወረድን፤ ጆንያቸውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

እስቲ ስታቲስቲክስ የምታውቁ፣ አማካይ መንገደኛ የት ነው የሚገኘው? ካገኛችሁት በርኖሱን እንደለበሰ፣ ጆንያውን እንደተሸከመ ላኩልኝ። ከጆንያው በኋላ ወገቤን ይዤ ተኝቻለሁ፤ ሚዛኑ ግን አልጋው ሥር አለ።