ከኬኩ በኋላ የተባለው

ላቮን፦ ጻፍ አልኩህ እኮ! የአጋዘን ሥጋ፣ ሃያ ሁለት ጥቅል።

ኤልደን፦ ሃያ አንድ ነው።

ላቮን፦ አሁን በዓይኔ ቆጥሬ ነው የመጣሁት። ሃያ ሁለት!

ኤልደን፦ አንዱ እራቴ ነው። በረዶው እንዲለቀው ሳህን ላይ አውጥቼዋለሁ።

[ቦታው ሰሜን ዊስኮንሲን፣ የእናታቸው የአርዲስ ማእድ ቤት ነው። ውጪ በረዶው መስኮቱ ሥር ደርሷል። የሰማንያ ስምንት ዓመቷ አርዲስ ከሦስት ሳምንት በፊት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ሰኞ ከሆስፒታል ወጥታ መጦሪያ ትገባለች። መጦሪያው በወር ዘጠኝ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። መንግሥት የሚከፍልላት ደግሞ በእጇ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ የሌላት እንደሆነ ብቻ ነው። ታላቅየዋ ላቮን ሠላሳ ዓመት ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጣ የሰው ብር ስትቆጥር ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠበቃ ሽማግሌና አሮጊቱን ሰብስቦ ነጻ እራት እያበላ ስለዚሁ ጉዳይ ሲያስረዳ፣ እናቷና ወንድሟ ባሉበት አንድ ጥብስ በላች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሷም ጠበቃ ሆናለች። ታናሽየው ኤልደን ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ ጋር እዚሁ ይኖራል። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። ይህንን ወሬ የሚያስወራው ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም።]

ኤልደን፦ የሞተ አጋዘንም ንብረት ይባላል?

ላቮን፦ እነሱ የማይጠይቁት ነገር የለም። ሲጠይቁን ዝርዝራችን መዘጋጀት አለበት።

ኤልደን፦ አጋዘኑን የገደልኩት እኔ ነኝ ግን።

ላቮን፦ ማቀዝቀዣው የማን ነው?

ኤልደን፦ የእማዬ።

ላቮን፦ በቃ! በእማዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ነገር የእማዬ ነው።

ኤልደን፦ እኔም በእማዬ ቤት ውስጥ ነኝ። ራሴንም ልመዝግብ?

ላቮን፦ የሚመዘገበው ዋጋ ያለው ነገር ብቻ ነው።

[ኤልደን ይህንን አሰላስሎ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ላቮን ጣሪያውን አየች። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ማሕፀን መካፈሏ ሁልጊዜ ይገርማታል።]

ላቮን፦ ስማኝ እንግዲህ። ቀስ ብዬ ነው የምነግርህ። እማዬ ድሃ መሆን አለባት።

ኤልደን፦ ድሃ ናት እኮ።

ላቮን፦ የሚበቃ ድሃ አይደለችም! ባንክ አርባ አንድ ሺህ አላት። ይሄ ቤት ደግሞ ቢሸጥ መቶ ሰማንያ ሺህ ያወጣል።

ኤልደን፦ ታዲያ ለኛ ትስጠንና ድሃ ትሁን።

ላቮን፦ ወይ ጉድ! እራቱ ላይ አልነበርክም እንዴ? አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ይፈትሻሉ! ለሰው የሰጠችውን ሁሉ ደምረው «ይሄን ያህል ሰጥተሻል፣ ይሄን ያህል ወር ከኪስሽ ክፈዪ» ይሏታል። ለልደትህ የሰጠችህን ካልሲ ሳይቀር!

ኤልደን፦ ካልሲውን አድርጌዋለሁ። ልመልሰው? አንደኛው ተቀዷል።

ላቮን፦ አምላኬ ሆይ! መስጠት ነው የተከለከለው፤ መግዛት አልተከለከለም። ስለዚህ ቤቱን እንሸጣለን። ብሩን የማይቆጠር ነገር እንገዛበታለን። አንደኛ፣ ቀብር።

ኤልደን፦ የማን?

ላቮን፦ የእማዬ ነዋ!

ኤልደን፦ [እርሳሱ ከእጁ ወደቀ] መቼ?

ላቮን፦ መቼም! አስቀድሞ የሚከፈል ነው እንጂ አሁን አትቀበርም!

ኤልደን፦ ዛሬ ጠዋት እኮ ገንፎዋን ጨርሳለች። በእጄ ነው ያበላኋት።

ላቮን፦ ትብላ! ማን ከለከላት! ሳጥኑ፣ ድንጋዩ፣ አበባው አሁን ይከፈላል። እሷ በፈለገችው ጊዜ ትደርስበታለች። ድንጋዩን መርጫለሁ፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከአባዬ ድንጋይ በእጥፍ የሚበልጥ።

ኤልደን፦ አባዬ አይከፋውም?

ላቮን፦ [እንዳልሰማች] ሁለተኛ፣ መኪና። አንድ መኪና አይቆጠርም፤ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን። አዲስ እንገዛለን፤ መቀመጫው የሚሞቅ።

ኤልደን፦ እማዬ መንዳት ካቆመች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ላቮን፦ እኔ እነዳላታለሁ።

ኤልደን፦ ወዴት?

ላቮን፦ ወደ... ሐኪም ዘንድ።

ኤልደን፦ መጦሪያው ግቢ ውስጥ ሐኪም አለ ብለሽኝ አልነበር?

ላቮን፦ ኤልደን! አንተ እርሳስህን አንሳና ጻፍ!

[ኤልደን አነሳ። «መኪና» ብሎ ጻፈና አጠገቡ «ለላቮን ቂጥ የሚሞቅ» ብሎ ጨመረ። ላቮን መነጽሯን ስላላደረገች አላየችውም።]

ኤልደን፦ ቤቱን ካልሸጥነው ግን አይቆጠርም አላለም ጠበቃው?

ላቮን፦ እስክትሞት ነው! ስትሞት መጥተው ይወስዱታል። ለነሱ ከምንተወው አሁን እንብላው።

ኤልደን፦ እማዬስ ስትመለስ የት ትገባለች?

ላቮን፦ አትመለስም።

ኤልደን፦ እሁድ እሁድ አመጣታለሁ ብያታለሁ። መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ወንበሯን አትንኩብኝ ብላኛለች።

ላቮን፦ ወንበሩ አምስት ዶላር አያወጣም። ውሰደው፤ የትም ብትሄድ ይዘኸው ሂድ።

[ኤልደን ወንበሯን አየና ዓይኑን ቶሎ መለሰ። ይህ ሰው ከዚህ ቤት ሌላ የሚያድርበት የለውም፤ እናቱም ቢሆን «ቤቴ» የምትለው ሌላ የላትም። ላቮን ይህን ድንቁርና ነው ብላ ተረጎመችውና ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ሦስት ጊዜ ገልብጣ የጻፈችው ነው። ባንክ ቤት ሠላሳ ዓመት ስትሠራ የተመሰገነችበት ብቸኛ ነገር የእጅ ጽሑፏ ነበር።]

ላቮን፦ አሁን ዋናው ነገር። ለቤቱ ያገኘሁት ገዢ «እቤቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ አልወጣም ቢለኝስ» ብሎ ፈርቷል። ስለዚህ ማን እንደሆንክ፣ ቤቱ ላይ መብት እንደሌለህ የሚገልጽ ይሄን ወረቀት ጽፌያለሁ። እኔ እፈርማለሁ፣ አንተም ሥሩ «እውነት ነው» ብለህ ትፈርማለህ።

ኤልደን፦ ማን ነኝ?

ላቮን፦ ላንብብልህ። «እኔ የአርዲስ ልጅ ላቮን በእውነት እመሰክራለሁ። ወንድሜ ኤልደን የወረቀት ፋብሪካው ከተዘጋ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሌሊት ሳያጓድል፣ በእናታችን ቤት ኖሯል። ኪራይ አልከፈለም። ሌላ ሥራም አልፈለገም።»

ኤልደን፦ ቆንጆ ነው። ግን አንድ ነገር ጎደለው።

ላቮን፦ ምን ይጎድለዋል?

ኤልደን፦ ሰው ያነበውና «ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀኑን ምን ሲሠራ ይውል ነበር» ይላል። እኔ ብሆን እላለሁ።

ላቮን፦ ምን ትሠራ ነበር! ስታጥባት፣ ሽንት ቤት ስትወስዳት፣ ኪኒኗን ስትቆጥርላት፣ በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ እየተነሳህ ስታገላብጣት! ይሄ ሥራ ነው? ሙሉ ሰውዬ እንደዚህ ይውላል?

ኤልደን፦ አይውልም። ጻፊዋ እንግዲህ።

ላቮን፦ እጽፈዋለሁ! ያፍሩብህ! [ጻፈች] «...በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ እየተነሳ...» ሌላስ?

ኤልደን፦ እኔ ባልኖር እማዬ የት ትሆን ነበር?

ላቮን፦ እሱንማ ተወው! ያን ጊዜውኑ መጦሪያ ትገባ ነበራ! ዶክተሩ «ያለ ሙሉ እንክብካቤ መኖር አትችልም፣ መጦሪያ ትግባ» ብሎ የጻፈውን ረሳኸው? እኔ ነኝ ቢሮው ድረስ ሄጄ ያጻፍኩት! «አላስገባትም፣ እኔው እጠብቃታለሁ» ብለህ ድርቅ ያልከው አንተ!

ኤልደን፦ ስንት ጊዜ ሆነው? ሁለት ዓመት?

ላቮን፦ አራት ዓመት ከመንፈቅ! ቀን እንኳ አትቆጥርም!

ኤልደን፦ እሱንም ጻፊው ታዲያ። እኔ ብናገረው ማን ያምነኛል?

ላቮን፦ ማንም አያምንህም። [እየጻፈች፣ እርካታዋ ፊቷ ላይ ይታያል] «ወንድሜ በግትርነቱ ቤት ባያስቀራት ኖሮ እናቴ ከአራት ዓመት ተኩል በፊት መጦሪያ ገብታ ነበር።» ይኸው። ፊርማ። ቀን። በል ፈርም።

[ኤልደን ምላሱን ከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ቀስ ብሎ ፈረመ። ወረቀቱን እፍ እፍ ብሎ ቀለሙን አደረቀ። ከዚያ ተነሳና ማቀዝቀዣው በር ላይ በአሳ ቅርጽ ማግኔት የተለጠፈውን የቆየ የሐኪም ደብዳቤ አወረደ። ሁለቱን አንድ ላይ አጥፎ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ውስጥ ከተታቸው። ላቮን ሲያጥፍ እያየችው ነበር፤ ፖስታው ላይ የማን ስም እንዳለ ስታነብ ግን ከወንበሯ ብድግ አለች።]

ላቮን፦ ይሄ የጠበቃው ስም አይደለም እንዴ? ለገዢው ነው እኮ ያልኩህ!

ኤልደን፦ ገዢ የለም፣ ላቮን። ቤቱን እማዬ ማክሰኞ ዕለት ፈርማ ለእኔ ሰጥታዋለች። ጠበቃው ሆስፒታል ድረስ መጥቶላት ነበር።

ላቮን፦ [ሳቋ ፈነዳ] ጉድ ፈላ! አንተ ጅል! አምስት ዓመት እያልኩህ! ሰጠች ማለት እኮ ነው! አንድ ሳንቲም አይከፍሉላትም!

ኤልደን፦ ይከፍሉላታል። የባንኩን ብር መጀመሪያ ራሷ ትከፍላለች፤ የሷ ነው። ሲያልቅ እነሱ ይቀጥላሉ። ቤቱን አይነኩትም።

ላቮን፦ ማን አለ?

ኤልደን፦ ሰውዬው ነዋ፣ እራቱ ላይ።

ላቮን፦ እኔ አልነበርኩም? እኔ የሰማሁትን ነው አንተ የምትነግረኝ?

ኤልደን፦ እስከ ኬኩ ነበርሽ። የቼሪ ኬኩ ሲመጣ የተረፈሽን ሥጋ አስጠቀለልሽ፤ የእኔንም ጨመርሽበት። «ሲመሽ አጋዘን መንገድ ላይ ይወጣል» ብለሽ ሄድሽ። እማዬ ግን ገና ሥጋዋ ላይ ነበረች። እኔ እቆርጥላታለሁ፣ እሷ ታኝካለች። እሷ ስታኝክ ሰውዬው ማውራቱን ቀጠለ።

ላቮን፦ ምን አለ?

ኤልደን፦ «ልጅ ከእናቱ ጋር ሁለት ዓመት አብሮ ኖሮ፣ እሱ ባይጠብቃት መጦሪያ የምትገባ ከነበረች፣ ቤቷን ብትሰጠው አምስት ዓመቱ አይመለከተውም» አለ። ሐኪም እንደዚያ ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ያስፈልጋል አለ፤ ያንን አንቺ ቀደም ብለሽ አጽፈሽልኝ ነበር። የጎደለኝ ምስክር ብቻ ነበር። እሱንም ዛሬ ጻፍሽልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

[ላቮን ፖስታውን ለመንጠቅ እጇን ዘረጋች። ኤልደን እናቱን ስድስት ዓመት ሙሉ ያነሳ ያወረደ ሰው ነው፤ ፖስታው ንቅንቅ አላለም።]

ላቮን፦ ውሸት ነው እላቸዋለሁ! የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው እላለሁ!

ኤልደን፦ የቱ?

[ላቮን ከላይ ጀምራ በሐሳቧ አነበበችው። ስድስቱን ዓመት። እጥበቱን። ኪኒኑን። በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ መነሳቱን። ልታዋርደው ብላ ከጻፈችው ሁሉ ውሸት የምትለው አንድ መስመር ፈልጋ አጣች፤ ስታጣ ደግሞ ፊቷ ቀላ።]

ላቮን፦ ይሄ ካንተ ጭንቅላት የወጣ አይደለም። አንተ ካልሲ መልሼ ልስጥ የምትል ሰው! ማን መከረህ? ጠበቃው ነው?

ኤልደን፦ ጠበቃው ጎረቤት ይጻፍልህ ነበር ያለኝ። እማዬ ናት እንቢ ያለች። «ላቮን ትጻፈው፤ ጽሑፏ ቆንጆ ነው» አለች።

ላቮን፦ እማዬ? ታዲያ ለምን ጻፊ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም!

ኤልደን፦ እኔም «ልጠይቃት» ብያት ነበር። «ብትለምናት አትጽፍልህም። ዝም ብለህ ተሰደብላት፤ ሁሉንም ራሷ ትጽፈዋለች» አለችኝ።