ግፊቴን አታስነሱብኝ

ደም ግፊቱን እንደ ሹመት የያዘ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሰቆጣው የእህቴ ባል እንደዚያ ነው። «ግፊቴን አታስነሱብኝ» ካለ፣ እንኳን ቤተሰቡ የጎረቤት ወረዳው የዝቋላ ፍየሎችም ዝም ይላሉ።

ባለፈው ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሟ፣ «ጋሼ፣ የሆድዎ ስብ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ሆርሞን የሚባል መልእክተኛ እየላከ ግፊትዎን ያባብሳል፣ የልብዎንም ግድግዳ ያወፍራል። ጮማ ይተዉ» አለችው።

በማግስቱ እህቴ ሽሮ አቀረበች። እሱ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «ሆዴ ለልቤ መልእክተኛ ይልካል ተብሏል። ታዲያ እንዲህ ታስቀይሙታላችሁ? ግፊቴን አታስነሱብኝ» አለ።

ጮማው መጣ። ምን ይደረግ?

እህቴን ጓዳ ድረስ ተከትዬ፣ «ምነው ባትሰጪው?» አልኳት።

በረጅሙ ተነፈሰች። «ብከለክለው ግፊቱ ይገድልብኛል፣ ባልከለክለው ልቡ። ለማንኛውም ቀስ ብለህ አውራ፤ እየበላ ነው።»