ለአንድ ሰው የተሠራ ወጥ

(ፍኖተ ሰላም፤ የክረምት ቅዳሜ ከሰዓት። ዝናቡ የወይዘሮ ደስታነሽን ቆርቆሮ ይወቅጠዋል። የአንዲት ክፍል ተከራይ የሆነው ይርሳው በአንድ እጁ ማማሰያ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ምድጃው ላይ ተጎንብሷል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ስለሚሆን ቀላልና ርካሽ ምግብ አርባ ቪዲዮ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ በምዕራብ ጎጃም ከእርሱ ሌላ ሽንኩርት መላጥ የሚያውቅ ሰው መኖሩን አያምንም። አጎቱ ገብረሰንበት ከገጠር፣ ከገበዝ ማርያም አንድ ከረጢት ተሸክመው መጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አይተው እንዲነግሯት የላከቻቸው የይርሳው እናት ናት። ልጇ ራሱን መመገብ ካልቻለ፣ በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል የምትገባውን ታናሽ እኅቱን አደይን ከምዝገባ አስቀርታ ወጥ ሠሪ ልትልክለት ቆርጣለች። አደይም ትናንት በስልክ፣ “ወንድምዓለም፣ በሞቴ እንዳታዋርደኝ” ብላዋለች።)

ገብረሰንበት፦ እኔ የምልህ ድስቱን ነው። ይኼ የደቦ ድስት ነው።

ይርሳው፦ አያ፣ የአንድ ሰው ድስት ነው አልኩዎ!

ገብረሰንበት፦ አንዱ ሰው ማን ነው?

ይርሳው፦ እኔ ነኛ!

ገብረሰንበት፦ (ከእግሩ እስከ ራሱ አይተውት) የቀረው ሰውነትህ የት ነው ያለው?

ይርሳው፦ ኤጭ! አያ፣ እናንተ አገር ሰው የሚያበስለው ሲርበው ነው። እኛ ሳይርበን ቀድመን እናበስላለን። አንድ ቀን ሠርቶ አሥር ቀን መብላት ይባላል። ከሰል አንድ ጊዜ፣ ሽንኩርት አንድ ጊዜ፣ ዕንባ አንድ ጊዜ!

ገብረሰንበት፦ እጅ መታጠቡስ?

ይርሳው፦ (እንዳልሰማ ሆኖ ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ይደረድራል፤ በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል) አሥራ ስድስት ናቸው። ወጡን እከፋፍልና የእትዬ ደስታነሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አለቀ።

ገብረሰንበት፦ ወረቀቱ ምን ይላል? ዓይኔ ደክሟል።

ይርሳው፦ እሁድ ምሳ። እሁድ እራት። ሰኞ ምሳ። ሰኞ እራት…

ገብረሰንበት፦ የሰኞው ምሳ እሁድ ቢያምርህስ?

ይርሳው፦ አያምረኝም!

ገብረሰንበት፦ ማን ከልክሎህ?

ይርሳው፦ ወረቀቱ!

ገብረሰንበት፦ (ወረቀቱን በአክብሮት እያዩ) እንግዲህ ወረቀት ካለማ። ግን ረቡዕ የሚል አልሰማሁም።

ይርሳው፦ (እየሳቀ) ያዝኩት ብለው ነው? ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ አውጥቻቸዋለሁ። አያ፣ ከዚህ ጭንቅላት የሚያመልጥ ነገር የለም። እሱን ለእናቴ ይንገሩልኝ።

ገብረሰንበት፦ እነግራታለሁ። እንዲያው ለመጠየቅ ያህል፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?

ይርሳው፦ ስድስት።

ገብረሰንበት፦ (ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ፤ ይዘረጋሉ፤ እንደገና ያጥፋሉ) ስድስት?

ይርሳው፦ ስድስት! ይኸው፣ ስልኩ ላይ ይዩት። እኔ በምሠራበት ፕሮጀክት ስብሰባውም ሪፖርቱም በዚህ ነው። የእናንተ ቆጠራ ለዘር መዝሪያ ነው።

ገብረሰንበት፦ ስድስት ካልክ ስድስት ነው። (ወደ ድስቱ አጮልቀው) ሥጋው ገና አልገባም?

ይርሳው፦ ሽንኩርቱ ይብሰል እንጂ! ደግሞ የማስገባው ግማሽ ኪሎ ነው። ቁጠባ ነው አልኩዎ።

ገብረሰንበት፦ ግማሽ ኪሎ ለአሥር ቀን? ሐሙስ ላይ ሥጋው ያልቅና በትዝታ ትበላለህ። የገዛኸው ስንት ነው?

ይርሳው፦ ሦስት ኪሎ። የቀረው ቋንጣ ይሆናል።

ገብረሰንበት፦ በዚህ ዝናብ? ሱሪዬን ካጠብኩት ሳምንቱ ነው፣ እስካሁን ይንጠባጠባል። ሥጋው ከሱሪዬ ይበልጥ ይደርቃል ብለህ ነው?

(ይርሳው ቪዲዮው ስለ ክረምት ምን እንዳለ ለማስታወስ ይሞክራል። ምንም አላለም። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ፍኖተ ሰላምን በሐምሌ አያውቃትም።)

ይርሳው፦ እ… እኔም እሱን ላስብበት ነበር። (ሦስቱንም ኪሎ ይገለብጠዋል)

ገብረሰንበት፦ ቅቤስ?

ይርሳው፦ ወይ አያ! ቅቤና ቁጠባ ምን አገናኛቸው? ሁለት ማንኪያ ዘይት ነው።

ገብረሰንበት፦ እኔ መቼም ሞኝ ነኝ። ግን ቅቤ የሌለው ወጥ አሥር ቀን ይቆያል? ቅቤው ከላይ ሲረጋ እንደ ክዳን አይሆንም እንዴ?

ይርሳው፦ (ፊቱ ይበራል) አያ፣ አንድ ያልገባዎት ነገር አለ። ቅቤ ከላይ ሲረጋ እንደ ክዳን ነው የሚሆነው። ይኼ ሳይንስ ነው።

ገብረሰንበት፦ አይ ትምህርት!

(ይርሳው ለእንቁጣጣሽ የደበቃትን የቅቤ ጣሳ ከአልጋው ሥር አውጥቶ ግማሹን ይጨምራል።)

ገብረሰንበት፦ (ጣሳዋን እያዩ) ሳይንሱ ግማሽ ነው?

(የቀረውንም ይጨምራል። ሽታው ግቢውን ዞሮ መንገድ ላይ የቆመ ባጃጅ ሞተር ያስጠፋል።)

ይርሳው፦ ለመሆኑ ከረጢቱ ውስጥ ምንድን ነው?

ገብረሰንበት፦ እናትህ የላከችልህ ነው። ድንች፣ ሽሮ፣ በሶ።

ይርሳው፦ በሶ! ሰው ይስማኝ! ዱቄት በውሃ በጥብጦ የሚውጥ ወንድ እንዴት ብቻዬን እኖራለሁ ይላል? ይመልሱላት።

ገብረሰንበት፦ ግማሽ ቀን ተሸክሜ ያመጣሁትን? በር ጥግ ይቀመጥ፤ በልቶ አይጨርስህም። ይልቅ ወጡ አልደረሰም? ትንሽ አይቀመስም?

ይርሳው፦ አይቀመስም። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ዕቃው የሚጀምረው ከነገ ነው። ለዛሬ ዳቦ ገዝቻለሁ።

ገብረሰንበት፦ ለእንግዳም ዳቦ?

ይርሳው፦ እንግዳ ወረቀቱ ላይ የለም፣ አያ። ልጣሰው እንዴ?

ገብረሰንበት፦ ኧረ አይጣስ።

(የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ደስታነሽ ነጠላቸውን እንደ ዣንጥላ ይዘው፣ ቁልፍ አንጠልጥለው ይገባሉ።)

ይርሳው፦ እትዬ ደስታነሽ! በሰዓቱ ነው የመጡ። ፍሪጅዎን ላስቸግር ነበር፣ አሥራ ስድስት ዕቃ ብቻ።

ደስታነሽ፦ ምን ያለበት?

ይርሳው፦ የሥጋ ወጥ ነዋ!

ደስታነሽ፦ የመቼ የሚሆን?

ይርሳው፦ ከነገ ጀምሮ ለአሥር ቀን።

ደስታነሽ፦ በስመ አብ! አንተ ልጅ፣ ነገ ነሐሴ አንድ አይደለም እንዴ? ፍልሰታ ሊገባ! የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ እንኳ እጾማለሁ ብላ ከአሁኑ ጨክናለች። ፍሪጁን በሎሚ አጥቤ ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ ይኸውና! ጾሙ እስኪፈታ የፍስክ ነገር አይገባበትም።

ይርሳው፦ ነገ እኮ… ነገ ሰባት ነው! ኦገስት ሰባት!

ደስታነሽ፦ እንግዲያ ስልክህ ይብላዋ!

(ድስቱ ይንተከተካል፤ ይርሳው የሚስቅበት መሰለው።)

ይርሳው፦ አያ… ያውቁ ነበር?

ገብረሰንበት፦ ምኑን?

ይርሳው፦ ፍልሰታን!

ገብረሰንበት፦ ፍልሰታንማ በሬዬም ያውቃታል።

ይርሳው፦ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!

ገብረሰንበት፦ ልነግርህ ነበር፣ ጫፉ ላይ ደርሼ ነበር። ግን ያን ጊዜ ድስቱ ውስጥ የነበረው ሽንኩርት ብቻ ነው። ብናገር ኖሮ በጾም ዋዜማ ከገበዝ ማርያም ድረስ የመጣ ሰው ዳቦ ገምጦ ይተኛ ነበር። እትዬ ደስታነሽ፣ እስቲ ግቢውን በሙሉ ይጥሩልን። እኔ መጀመሪያም የደቦ ድስት ነው ብያለሁ።

(ግቢው ሲጠራ ማንም አልዘገየም። የየራሱን እንጀራ ይዞ መጣ። የአሥር ቀኑ ወጥ በሩብ ሰዓት አለቀ። አሳላፊው ይርሳው ነበር፤ ሁሉን አብልቶ ሲመለስ የቀረው ባዶ ድስትና ያ ዳቦ ነው። ድስቱን በዳቦው ጠረገ። እውነትም ቅቤው ሳይንስ ነበር።)

ይርሳው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አያ… ለእናቴ ምን ሊሏት ነው? እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ። አደይ ግን ምን አጠፋች? እሷ ትማር።

ገብረሰንበት፦ (ጣታቸውን እየላሱ) አደይማ ትማራለች! እንዲህ ያለ ወጥ የሚሠራ ሰው ቤት ምን ልትሠራ ትመጣለች? “ልጅሽ ግቢ ሙሉ ሰው ያጠግባል” እላታለሁ። ሐሰት አለበት?

ይርሳው፦ (ትንፋሹ መለስ ይላል፤ ወዲያው ሌላ ነገር ይታወሰዋል) ከነገ ጀምሮስ እኔ ምን ልበላ ነው?

ገብረሰንበት፦ (በአገጫቸው ከረጢቱን እያሳዩ) በሶውን ለአሥራ ስድስት ክፈለው። ከሰል አይፈልግ፣ ሽንኩርት አይፈልግ፣ ዕንባ አይፈልግ።

(ይርሳው “እሁድ ምሳ” የሚለውን ዕቃ አንስቶ ወደ በሩ ጥግ ይሄዳል።)

ገብረሰንበት፦ ደግሞ ጾሙ ሲፈታ፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት እመለሳለሁ። በስልክህ ስንት እንደሚል አንተ ታውቀዋለህ። ለእኔ ብለህ እንዳትጨነቅ፤ እንደ ዛሬው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ወጥ ሥራ።