ጋሼ ሙከራና አሥራ አምስቱ አፎች

መምረጥ የማይሆንለት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ አሳዩኝና እዚያ ልቀጠር። ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። ጫማ ቤት ገብቶ ሰባት ጫማ ለክቶ፣ ሻጩን ላብ በላብ አድርጎ፣ በገባበት ጫማ የሚወጣው ነው። ሌላው ምሳውን በልቶ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ እሱ ገና የምግብ ዝርዝሩን ገልብጦ ከኋላ የሚያነበው ነው። ሊፍት ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት የሚያስበው ነው። ምን ያስባል? እንጃ!

የኛው ክቡርነታቸው ጋሼ ሙከራ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይሄንን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ሶፍትዌር የሚሸጡ ሰዎች "ሰባት ቀን በነፃ ሞክሩት" ይሉ የለ? ሌላው ሰው ይሞክርና ይገዛል። ጋሼ ግን ሰባቱን ቀን አንጠፍጥፈው ይጨርሱና ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸዋል፣ የለበሱት ኮት ሁሌ እስከ አንገት የተቆለፈ ነው፣ እጃቸው ግን ወርቅ ነው። እሳቸው የሣሏት ወፍ ትበራለች። ብቻ በምን ትበር የሚለውን አይወስኑም።

ሦስት ነን የምንሠራው፤ አለቃችን፣ ጋሼና እኔ። ክፍላችን ከመስታወት ቆራጭ ሱቅ በላይ ናት። ከታች መስታወት በተቆረጠ ቁጥር እኛ ላይ ጥርሳችንን ይቆረጥመናል። እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት ቪዲዮ እያየሁ ነው። ወሬ ግን አብሮኝ ነው የተወለደው።

አንድ የቤት ሠሪዎች ድርጅት ትልቅ ሥራ ሰጠን። የሚሸጡት ገና ያልተሠራ ሰፈር ነው። ገዢው ያንን ዓይን የሚጋርደውን መነፅር ያደርግና ያልተሠራው ሰፈር ውስጥ ይገባል፤ በየመንገዱ ይዞራል። በር ላይ አንዲት ልጅ ትቀበለዋለች። ሰው አይደለችም፣ አቫታር ናት፣ በኮምፒውተር የተሣለች፤ የምንሠራት እኛ ነን። ፈገግ ትልና "አንተም ቦታ አለህ" ትላለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ያቺው ልጅ ደግሞ ለማስታወቂያም ትወጣለች።

"ሴት ቤት አትገዛም እንዴ?" ብዬ አለቃን ጠየቅኳት።

"መፈክሩ በየመንገዱ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል። አንዲት ፊደል እንዳትነኩ ብለዋል። አርፈህ ሥራ!"

እንግዲህ ለአቫታሯም ለማስታወቂያውም የሚሆን አንድ የአኒሜሽን ሶፍትዌር መመረጥ ነበረበት። መራጩ ማን ሆነ? ክቡርነታቸው!

የመጀመሪያውን "ዝሆኑ" አልነው። ሲከፈት የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ አውሮፕላን ይጮሃል። ሁለተኛው ለአቫታር የሚያህለው የለም፤ ለማስታወቂያ ሲሆን ግን ልጅቷ ከሳሙና የተሠራች ትመስላለች። ሦስተኛው "አስቀያሚው" ነው፤ ቁልፎቹ ዝርክርክ፣ መልኩ የማይታይ፣ እግር ሲያራምድ ግን ቁርጥ ሰው። አራተኛው ሙሉ በሙሉ በነፃ ነው ሲባል ጨፈርን። ውሉን ወደ ታች ስናነበው "ለንግድ ሥራ አይፈቀድም" ይላል። ጭፈራችንን መለስን። እንዲህ እንዲህ እያሉ አሥራ አምስት ደረሱ።

በእያንዳንዱ ያችኑ ልጅ ይሠራሉ። ያው ፊት፣ ያው ቀይ ሻርፕ፣ ያው አንድ ንግግር። ከዚያ ድምፁን ያጠፉታል። ወንበራቸውን ይስቡና አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ይጠጋሉ። ልጅቷ ያለ ድምፅ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ እሳቸውም አብረዋት ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይተው ብርድ እንደመታው ሰው ትከሻቸውን ሰብሰብ ያደርጉና "አላማረኝም" ይላሉ።

"ኧረ ጋሼ፣ ምኗ ነው ያላማረዎት?"

"አፏ።"

"ድምፁን ይክፈቱትና ይስሟት እስቲ!"

"ድምፅ ያባብላል" አሉኝ።

አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ አሥራ አምስቱንም ባንድ ስክሪን ደርድረዋቸው አገኘሁ። ክፍሉ ጭር ብሏል። ከታች መስታወት ቆራጩም ምሳ ላይ ነው። አሥራ አምስት ቀይ ሻርፕ። አሥራ አምስት አፍ እኩል ይከፈታል፣ እኩል ይዘጋል፤ ዓይን የሚባል ነገር አንዴ እንኳ አይርገበገብም። ጋሼ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ግንባራቸው በላብ ወርዝቷል።

"ሁሉም" አሉ ለራሳቸው። "ሁሉም ያንኑ ነው!"

"ያንኑ ምን?" ብላቸው ክው ብለው ስክሪኑን አጠፉት።

እኔ ደግሞ አላርፍም፣ በማግስቱ መነፅሩን አድርጌ ገባሁ። የጆሮ ማዳመጫው ተበላሽቷል፣ ድምፅ የለም። ሰፈሩ ባዶ ነው። ቤቶቹ ጥላ የላቸውም፣ ጥላ ገና አልሠራንም። እኔም የለኝም። ልጅቷ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ስጠጋ ዞረች፤ መጀመሪያ አንገቷ ዞረ፣ ገላዋ ቆይቶ ተከተለ። ፈገግ አለች። አፏን አንቀሳቀሰች። ምን እንዳለችኝ ሳይገባኝ ፀጉሬ ቆመ። መነፅሩን መንጭቄ ሳወልቀው ጋሼ አጠገቤ ቆመዋል።

"ምን አለችህ?"

"ምንም! ድምፅ የለውማ!"

"ጥሩ" አሉ። "ጥሩ።"

ሰው ፈርቶ እንዳልፈራ ሲያስመስል ታውቁ የለ? እንደዚያ ነበር አነጋገራቸው።

ሰኞ አለቃ ትዕግሥቷ አለቀ። "ጋሼ፣ እወድዎታለሁ፣ አከብርዎታለሁ። ሐሙስ ጠዋት ግን ሰዎቹ ይመጣሉ። እስከ ረቡዕ ካልመረጡልኝ ሥራውም ይሄዳል፣ እርስዎም ይሄዳሉ። ሦስት ወር ሙሉ! ሰው ሚስት እንኳ እንዲህ አይመርጥም!"

"ለዚያ አይደል ያላገባሁት" አሉ ጋሼ። ማንም አልሳቀም።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ እናታቸው መጡ። ጋሼ እቤት ረስተውት የወጡትን የዓይን መነፅር ይዘው ነው። እማማ ልጅ ሳሉ ታመው ጆሯቸው ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ይናገራሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ የለውም፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ ዓይነት ነው። ሰው የሚለውን ከከንፈሩ ያነባሉ። እኔ ወንበር አቀረብኩላቸው። በዚያ ሰዓት ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ነበረች፤ አለቃ ድምፁን ስለከፈተችው ልጅቷ "አንተም ቦታ አለህ፣ አንተም ቦታ አለህ" እያለች ትደጋግማለች።

እማማ አይዋት አይዋትና "ይቺ ልጅ ምን አድርገናት ነው?" አሉ።

"ማስታወቂያ ናት እማማ!" አለቃ ጮኸች።

"አትጩኺ፣ አልሰማም። ወደኔ ዞረሽ ተናገሪ።"

"ምን አለችዎት?"

"አንተም ትሞታለህ አለች። ይኸው፣ አሁንም ደገመችው።"

ከታች መስታወት ተቆረጠ። አለቃ እጇን ዘርግታ ድምፁን አጠፋችው፤ ሦስታችንም ተጠግተን አየናት። እናንተም ካላመናችሁኝ መስታወት ፊት ቆማችሁ ያለ ድምፅ ሞክሩት። "ቦ" እና "ሞ" ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ያቺ "ት" ደግሞ ከጥርስ ኋላ ናት፣ ለማንም አትታይም። አንተም ቦታ አለህ። አንተም ትሞታለህ። ቀይ ሻርፕ ያደረገች ልጅ ፈገግ ብላ ትነግራችኋለች።

አለቃ ቀስ ብላ ወደ ጋሼ ዞረች። "ያውቁ ነበር?"

"ከናቴ ጋር ነው ያደግኩት። ሰው ሲያወራ ዓይኔ አፍ ላይ ነው፣ ልተው ብልም አልችልም። ይቺ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የምትነግረኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ምን ልበል? ኮምፒውተሩ ትሞታለህ አለኝ ልበል? አፏን የሚያስተካክልልኝ አንድ አይጠፋም ብዬ ስፈልግ ነው የከረምኩት። እንደናቴ ያለ ሰው እዚያ በር ላይ ቆሞ ይሄንን ሲባል ታየኝ።"

ሦስት ወር የሳቅንባቸው ለዚህ ነው እንግዲህ! መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"መፈክሩ አይቀየርም" አለች አለቃ ጭንቅላቷን ይዛ። "አለቀልን።"

ጋሼ ወደናታቸው ዞረው በከንፈር ብቻ አስረዷቸው። እማማ ሳቁ።

"የሰውም አፍ እንዲሁ ነው፣ ልጄ። እኔ መቼ አፍ ብቻ አያለሁ? ሰው ቦታ አለህ ሲል ጠጋ ይላል። ይቺ ልጅ እኮ በሩን ዘግታ ነው የቆመችው፤ ንቅንቅ አትልም!"

አሁን የማወራችሁን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ክቡርነታቸው ኮታቸውን አወለቁ። ሳያስቡ፣ ሳይቀመጡ "አስቀያሚውን ገዝተህ ክፈትልኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጣጣው አፏ ላይ ሳይሆን እግሯ ላይ ነበር፣ እግር ደግሞ እንደ ሦስተኛው የሚያራምድ የለም። ለማስታወቂያም ለመነፅሩም ይሆናል። ከሰዓቱን ሙሉ ሠሩ። ልጅቷ አሁን ዓይኗን ታርገበግባለች፤ ወደ ኋላዋ ታይና አንድ እርምጃ ጠጋ ትላለች፤ እጇን ወደ ውስጥ ትዘረጋለች፤ ከዚያ ነው የምትናገረው።

ሐሙስ ሰዎቹ መጥተው አዩ። አንደኛው ሳይታወቀው እሱም ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ፈረሙ። አለቃ የጋሼን ጉንጭ ሳመች፣ ጋሼም ከሥራ አልተባረሩም። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ።

እማማም በክብር ተጋብዘው መጥተው ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ "እስቲ እኔንም አስገቡኝ" አሉ። መነፅሩን አደረግንላቸው፣ መሐል ወለሉ ላይ ቆሙ። እሳቸው የሚያዩትን እኛ በስክሪኑ እናያለን። ባዶው መንገድ። በሩ። ልጅቷ ዞረች፣ ጠጋ አለች፣ እጇን ዘረጋች፣ አፏን አንቀሳቀሰች። ከኋላዋ ያለውን ክፍል ገና አልሠራነውም፤ ጥቁር ነው።

እማማ ቆመው ቆዩ። ከሁለቱ የትኛውን እንዳነበቡ እንጃ፣ ፊታቸው በራ።

"እሺ" አሉ በዚያ ከፍ ዝቅ በሌለው ድምፃቸው። "መጣሁ።"

አንድ እርምጃ ሄዱ። ሁለተኛውን ሊያነሱ ነው። ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን ምን ብለው ይጥሯቸው? ጆሯቸው አይሰማ፣ ዓይናቸው ተጋርዷል። ምኑንም አልመረጡም፤ ዘለው የናታቸውን እጅ በሁለት እጃቸው አፈፍ አደረጉ።

እኔ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የጋሼን ሸሚዝ ከኋላ ጨምድጄ ይዤ ነበር። እማማ መነፅሩን አውልቀው እስኪስቁብን ድረስ አልለቀቅኳቸውም።